ሁለት ቤተሰቦች ወደ አዋሽ ፓርክ ሲጓዙ

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለመንገድ እየተሰናዳ ነው። እናት ሻዩን በፔርሙዝ ትሞላለች። አባት የጎማውን ነፋስ አይቶ ስኮርታው መኖሩን ያረጋግጣል። ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ «አንበሳ እናያለን?» ይላሉ። ዕቅዱ ቀላል ነው። በፍጥነት መንገዱ ወጥቶ ቁርስን አዳማ ላይ መብላት፣ ፀሐይ ሳትበረታ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መድረስ፣ ሳላ ማየት፣ ፏፏቴው ላይ ፎቶ መነሣት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ማደር፣ እሑድ ፍልውሃውን አይቶ መመለስ። ሰኞ ሥራና ትምህርት ቤት አለ።

በዚያው ሰዓት ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ሌላ ቤተሰብ ስለ ጉዞ ይመክራል። ይህ የከረዩ ቤተሰብ ነው። የሚመክረው ስለ ሁለት ቀን ሽርሽር ሳይሆን ስለ ዓመቱ ነው። ዝናቡ የት ጣለ? የየትኛው ሜዳ ሣር ደርሷል? ግመሎቹን ማን ይዞ ይሂድ? ጥጆቹና ሕፃናቱ ከማን ጋር ይቅሩ? ወንዙ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ዘንድሮ በየት በኩል ነው?

ሁለቱም ቤተሰቦች የሚሄዱት ወደ አንድ መሬት ነው። አንደኛው በሩ ላይ ትኬት ቆርጦ በክብር ይገባል። ሌላኛው ከብቱን እየነዳ፣ የጥበቃ ሠራተኛ እንዳያየው እየተሳቀቀ ይገባል። ከስድሳ ዓመት በፊት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ሳያውቁ አዋሽን መጎብኘት፣ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ገልጦ እንደ ማንበብ ነው።

*ባቡሩ፣ መንገዱ እና ሜዳው*

የአዋሽ ፓርክ ዕድል የተጻፈው ፓርክ ከመሆኑ በፊት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጣውም በአዋሽ በኩል ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ የጣቢያ ከተማ ሆነች፤ መተሐራም እንዲሁ። ኋላም ዋናው የመኪና መንገድ ይህንኑ አቅጣጫ ተከተለ። እናም ከዋና ከተማው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ መንገድም ባቡርም የሚደርስበት፣ የሳላ መንጋ ከመኪና መስኮት የሚታይበት ሜዳ ተገኘ። የሰሜን ተራሮች በውበት ይበልጡት ይሆናል፤ የባሌ ተራሮችም በስፋት። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ደርሶ ለመመለስ ግን ለአዲስ አበባ ሰው እንደ አዋሽ የሚመች አልነበረም።

ሜዳው ግን ባለቤት አልባ አልነበረም። ከረዩዎች ዓመቱን በሁለት ከፍለው ይኖሩበት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ በፈንታሌ ዙሪያና ከዚያ ወዲያ ባለው ሜዳ ይሰማራሉ፤ እዚያ ያለው ውሃ ዝናቡ ያጠራቀመው ስለሆነ ሲደርቅ ይነሣሉ። በበጋ ወደ አዋሽ ወንዝ ዳርቻ ይወርዳሉ። በወንዙ ዳር ያለው ሣር የሚተርፈው የክረምቱ ግጦሽ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው፤ የፈንታሌ ሣር መልሶ የሚያቆጠቁጠውም ከብቱ በበጋ ወንዝ ዳር ስለሚከርም ነው። አንዱ ለሌላው ማረፊያ ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል አፋሮች፣ እንዲሁም ኢቱዎች በዚሁ ውሃና ሣር ይጠቀማሉ። ግጭት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ለውሃና ለግጦሽ መጋደል የቆየ ነገር ነው። የዱር እንስሳቱ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ነበሩ። ፓርክ ሊከልሉ የመጡት ባለሙያዎች የወደዱት የሳላ መንጋ ያደገው ከግመልና ከከብት ጋር በአንድ ሜዳ ነው።

*በአንድ ዘመን የመጡ ሁለት ዕቅዶች*

ሽንኮራው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እዚያ ነገር ሲበላሽበት ወደ ኢትዮጵያ ፊቱን አዞረ። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ፣ ቀጥሎ ሸዋ ፋብሪካ ተከተለ። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ የአዋሽ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በልክ እንዲፈስ ማድረግ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሸንኮራው ወደ መተሐራ ወረደ። እርሻው እየሰፋ ሄዶ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ደረሰ። ይህ መሬት ተራ መሬት አይደለም፤ ውሃ የሚደርሰው፣ በበጋ የሚለመልም፣ ከረዩው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው የወንዝ ዳርቻ ነው።

ፓርኩም በዚያው ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግብዣ አንድ የዩኔስኮ ልዑክ ኢትዮጵያ ገባ። መሪው የታወቀው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅና የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር ጁሊያን ሀክስሊ ነበር። የልዑኩ ምክር ግልጽ ነበር፤ የዱር እንስሳት እያለቁ ነው፣ ቶሎ ብሔራዊ ፓርኮች ይከለሉ። ከዚያ በኋላ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሠራው ጆን ብሎወርም ሥራውን ለማደራጀት መጣ። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1966 ፓርክ ሆኖ ተቋቋመ። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ደግሞ ከሰሜን ተራሮች ጋር በሕግ ከታወጁት የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ሆነ። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ተባለ።

እንግዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሆነውን በካርታ ላይ ማየት ነው። የወንዙ ዳርቻ ለሸንኮራ፣ ሜዳው ለሳላ ተሰጠ። ለከረዩው የቀረለት የፈንታሌ ደረቅ ጎንና በዙሪያው ያለው ነው። የክረምቱ ቤትና የበጋው ቤት እርስ በርስ የሚተጋገዙ ነበሩ ተብሏል፤ አሁን የበጋው ተወሰደ፣ የክረምቱም ተሸራረፈ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ከቀዬው በኃይል ተነሥቷል። ከዚያ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ፣ የአዋሽ ሸለቆ አርብቶ አደሮች በክፉ ቀን የሚሸሹበት ቦታ ታጥሮ ጠበቃቸው። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም ተጎዳ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ስለ አዋሽ ፓርክ ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ወገን መካከል ነው፤ በፓርክ ጠባቂውና በአርብቶ አደሩ። አንዱ «ከብቱ ሣሩን ጨረሰው» ይላል፣ ሌላው «ሣሩ የአባቴ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሦስተኛው ወገን፣ ያ ለምለም የወንዝ ዳርቻ የደረሰው እርሻ፣ ግን በክርክሩ ላይ አይቀመጥም። ከብቱን ወደ ፓርኩ የገፋው የወንዙ ዳርቻ መዘጋት ነው። ከአዲስ አበባ በፔርሙዝ የመጣው ሻይ ጣፋጭ የሆነውም በዚሁ ሸለቆ ስኳር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎብኚው ቤተሰብ ለነገሩ ባዕድ አይደለም።

*የተዋስነው ሐሳብ*

ፓርክ ማለት ሰው የሌለበት መሬት ነው የሚለው ሐሳብ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ አይደለም። የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ ሲታወጅ፣ በዚያ ምድር ለብዙ ዘመን የኖሩትና ያደኑት የሾሾኒና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ቤተሰቦች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደርጓል። ዛሬ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ቤተሰባቸውን ይዘው ይጎበኙታል፤ ብዙዎቹ ቦታው ከጥንት ጀምሮ ባዶ የነበረ ይመስላቸዋል። በምሥራቅ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1959 ማሳዮች ከሴሬንጌቲ እንዲወጡ ተደርጎ ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛወሩ። ልክ በዚያ ሰሞን ነው የአዋሽ ዕቅድ የተነደፈው። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ እንስሳቱ ሲጠፉ አይተው የተጨነቁ ነበሩ። መነጽራቸው ግን አንድ ነበር፤ እንስሳ የሚድነው ሰው ሲርቅ ነው የሚል።

እዚያ ላይ የዋና ከተማው ጎብኚ ፍላጎት ተጨመረበት። ከገደሉ አፋፍ፣ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ቦታ ላይ፣ በጎማ የሚጎተቱ ካራቫኖች ተደርድረው የእንግዳ ማደሪያ ሆኑ። ስሙም «ከረዩ ሎጅ» ተባለ። መሬቱን የለቀቀው ሕዝብ ስም የማደሪያው ስም ሆኖ ቀረ። ብዙ የአዲስ አበባ ሰዎች የልጅነት ፎቶ ከእነዚያ ካራቫኖች ፊት ለፊት የተነሣ ነው። ፎቶው መልካም ትዝታ ነው፤ ማንም አይነጥቃቸውም። ከፎቶው ጀርባ ያለውን ግን ማወቅ አይጎዳም።

*ዛቻና ተስፋ የተፈራረቁበት ፓርክ*

ታዲያ ሰው የማራቁ መንገድ እንስሳቱን አዳናቸው ወይ? መልሱ የሚያኮራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ከሰንቀሌ ቆርኬዎች ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ተወስደው ነበር፤ በአዋሽ ግን አልበረከቱም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥና ጥበቃው ሲላላ በአገሪቱ ያሉ በርካታ ፓርኮች ተዘረፉ፤ ሕንፃ ፈረሰ፣ እንስሳ ተገደለ። ሰው ንብረቱን እንዲህ አያደርግም። ፓርኩ የመንግሥት እንጂ የእኔ አይደለም ያለ ሰው ነው መንግሥት ሲወድቅ ፓርኩንም አብሮ የሚጥለው። በጠመንጃ የተከለለ ነገር ጠመንጃው የዞረ ቀን ያበቃል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሮች በነፃ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጠ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በወረቀት ላይ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አንዱ ወረቀት «አይፈናቀልም» ይላል፣ ሌላው ወረቀት «አይገባም» ይላል፤ ከብቱ ግን ማንበብ አይችልም፣ ሣር ባየበት ይሄዳል። ለአርብቶ አደሩ ደግሞ ሲነገረው የኖረው ቱሪዝም ሲያድግ ትጠቀማለህ የሚል ነው። ለብዙዎቹ ይህ ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀርቷል። የሚያውቋት ላም በምድር ያለችው፣ ሣር የምትፈልገው ናት።

መሬቱም ራሱ ዝም አላለም። ከመተሐራ ጥግ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹና 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ከመስኖ የሚሰርገው ውሃና የከርሰ ምድሩ ሁኔታ ምክንያት ናቸው ተብሎ ሲጠና ኖሯል። ጨዋማው ውሃ ግጦሽ ዋጠ፣ የባቡር ሐዲዱንና መንገዱን አስጨነቀ። ለከረዩው ይህ ሦስተኛው ቅነሳ ነው፤ እርሻ ወሰደ፣ ፓርክ ወሰደ፣ ሐይቅ ወሰደ።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ተንቀጠቀጠ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሌሊት ከአልጋው የነቃው በዚሁ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የደረሰው መጠኑ 6.0 ሆኖ ተመዘገበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች ከቀያቸው ወጥተው በመጠለያ ሰነበቱ። በዚያ ሰሞን የአዲስ አበባ ሰው ስለ ፈንታሌ ብዙ አወራ፤ ያወራው ግን በአብዛኛው «ወደ እኛ ይደርስ ይሆን?» እያለ ነው። እዚያው ላዩ ላይ ስለሚኖረው ቤተሰብ የተወራው ትንሽ ነው።

*ታዲያ አይኬድ?*

ይኬድ እንጂ! ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ቤት መቀመጥን አይደለም። ጎብኚ የሌለው ፓርክ ተከራካሪ የለውም። ከሸንኮራ፣ ከከሰልና ከመንገድ ጋር በሚደረገው ግብግብ «ይህ ሜዳ ለምን ይጠቅማል?» ሲባል መልስ ሊሰጥ ከሚችሉት አንዱ፣ ልጆቹን ይዞ ሳላ ያሳየ ወላጅ ነው። ጉዳዩ አካሄዱ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት የተነሣው ቤተሰብ ዕቅዱ ላይ ጥቂት ነገር ይጨምር። ከመነሣቱ በፊት ስለ መንገዱ ፀጥታና ስለ ምድሩ ሁኔታ በቅርብ ካሉ ሰዎች ይጠይቅ፤ አዋሽ የትናንት ወሬ የማይሠራበት ቦታ ነው። ቢቻል ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ይሂድ። በቂ ውሃ ይያዝ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ይከብዳል። ከአዳማ ወዲያ ያለው መንገድ የአገሪቱ የወጪና ገቢ ዕቃ የሚመላለስበት ነውና ከባድ መኪናው ብዙ ነው፤ ከብትም ሳላም ይሻገርበታል፣ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። በመተሐራ ሲያልፍ በመንገዱ ዳር ያለውን ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ ለልጆቹ ያሳያቸው፤ ፈንታሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተፋው ነው።

ፓርኩ ውስጥ እንስሳ የሚታየው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በኢላላ ሳላ ሜዳ ሳላና የሜዳ ፍየል፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ከርከሮ፣ በሰማዩ ደግሞ ከ450 በላይ ዝርያ ያላቸው ወፎች አሉ። አንበሳውን በተመለከተ ልጆቹን አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል፤ አለ፣ ነገር ግን በቀን መታየቱ ብርቅ ነው። ፏፏቴው ጋ ወንዙ አዞ እንዳለበት አይዘንጋ። በሰሜን በኩል ወዳለው፣ ዘንባባ ወደከበበው ፍልውሃ ለመሄድ ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የአካባቢውን ስካውት ወይም አስጎብኚ ይዞ መሄድ ነው። መንገድ ከማሳየቱ ይልቅ የሚበልጠው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የቤተሰቡ የጉዞ ብር አንድ ክፍል እዚያው አገር ይቀራል፤ ልጆቹም ሜዳውን ከተወለደበት ሰው አፍ ይሰማሉ።

ልጆች ደግሞ ይጠይቃሉ። ፓርኩ ውስጥ ግመል የሚነዳ እኩያቸውን ሲያዩ «አባዬ፣ እሱ ትኬት ቆርጧል?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ «ሕገወጥ ነው» ብሎ መስኮቱን መዝጋት ቀላል ነው። «ይህ ሜዳ የአያቶቹ የክረምት ቤት ነበር፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው እንጂ ያልተጨረሰ ጉዳይ አለበት» ማለት ይከብዳል። ልጁ ግን ትልቅ ሰው ሲሆን የፓርክ ኃላፊ፣ የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ወይም ሕግ አውጪ ሊሆን ይችላል። የ1950ዎቹን ካርታ የሠሩት ሰዎች በልጅነታቸው ይህን መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ፓርኩና አርብቶ አደሩ አብረው የሚኖሩበት መላ ቢፈለግ አይጠፋም። በከፋ ድርቅ ጊዜ በስምምነትና በቁጥር የተወሰነ ግጦሽ መፍቀድ፣ ከእርሻው ቦይ ለከብት የሚሆን ንጹሕ ውሃ ከፓርኩ ውጭ ማድረስ፣ ከመግቢያው ገቢ ለአካባቢው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በግልጽ የሚታወቅ ድርሻ መስጠት የሚቻሉ ነገሮች ናቸው። ለዚህ ግን ሦስቱም ወገኖች፣ ፓርኩም አርብቶ አደሩም ስኳሩም፣ በአንድ ዛፍ ሥር መቀመጥ አለባቸው። የግጦሽ ጠብን በሽማግሌ ማየት ለዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ገዳን የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

እሑድ ማታ የአዲስ አበባው ቤተሰብ አቧራውን አራግፎ፣ ስልኩ በሳላ ፎቶ ተሞልቶ ቤቱ ይገባል። ጉዞው አለቀ። የፈንታሌው ቤተሰብ ግን ሰኞ ጠዋትም ከብቱን ነድቶ ይነሣል፤ የእሱ ጉዞ መመለሻ ቀን የለውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቢያንስ ለሰላምታ ያህል መኪናው ይቁም።

መልካም ጉዞ።